እውነት ነው ወይስ ፈጠራ? ለሳይንስ ክበባችን የእንቆቅልሽ ካርድ አዋጡልን

የአዘዞዋ መምህርት — ሰኞ ማታ

እንደምን አመሻችሁ። እዚሁ ጎንደር ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለሳይንስ ክበባችን የዓርብ ጨዋታ እያዘጋጀሁ ነው። ካርድ ላይ አንድ የሳይንስ ታሪክ እንጽፋለን። አንድ ልጅ ተነሥቶ «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ክፍሉ «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል። ካርዱ ይነበባል። ከዚያ እውነት ወይም ፈጠራ ብለው ይፈርዳሉ። የተሳሳተ አገር ይሰጣል፤ በልጅነታችን እንደምንጫወተው።

ነገሩን ያነሣሣችው አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ቲቸር፣ ፖሙ የኒውተንን ጭንቅላት እውነት መትቶታል?» አለችኝ። እኔ ለዓመታት «መታው» እያልኩ ነው ያስተማርኩት። ቤት ገብቼ አነበብኩ። አልመታውም። ኒውተን ሸምግሎ፣ በ1726 እ.ኤ.አ.፣ ከወዳጁ ከዊልያም ስተክሊ ጋር ፖም ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣል። ያኔ ነው ወጣት ሳለ ፖም ሲወድቅ አይቶ ያሰበውን ያጫወተው። ፖሙ ለምን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ አይሄድም? ሁልጊዜ ለምን ወደ መሬት? ስተክሊ ይህን ጽፎ አስቀመጠው። ስለዚህ መውደቁ አለ፣ ጭንቅላቱ የለም። በማግስቱ ለልጅቷ ነገርኳት። ደስ አላት።

እስካሁን ሁለት ካርድ አለኝ። አንዱ አርኪሜዲስ ከገንዳ ወጥቶ ራቁቱን «አገኘሁት!» እያለ የሮጠበት ነው። ታሪኩን የጻፈው ቪትሩቪየስ የሚባል የሮማ አርክቴክት ነው፤ አርኪሜዲስ ከሞተ ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ። በአርኪሜዲስ በራሱ ጽሑፎች ውስጥ የለም። ሁለተኛው ጋሊሊዮ ከፒዛ ግንብ ላይ ኳሶች የጣለበት ነው። እሱንም የነገረን ጋሊሊዮ ራሱ አይደለም፣ ተማሪው ቪቪያኒ ነው።

የአገራችን ነገር ያለበት ካርድ ብታዋጡልኝ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

የቀሃ ልጅ — ሰኞ ማታ

ቲቸር፣ እኔ የፈጠራ ካርድ ልስጥሽ። ከራሴ ነው ያመነጨሁት፤ እውነት አንዲት ጠብታ የለበትም።

«ኒውተን ወረርሽኝ ሸሽቶ ጎንደር መጣ። ጋቢ ተከናንቦ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። የዋርካ ፍሬ ቀኑን ሙሉ አናቱ ላይ ትወርዳለች። ትንሽ ስለሆነች ዝንብ መስላው በእጁ ያባርራታል። ወደ ማታ ሜዳው ላይ ገና የሚጫወቱ ልጆች ዕሩሯን በዱላ አጎኗት። ሰማይ ደርሳ ተመልሳ አናቱ ላይ አረፈች። ኒውተን ብድግ አለና ‹ጨረቃስ ለምን አትወርድም?› ብሎ ጠየቀ። ልጆቹም ‹እሷንም አንዱ በዱላ መቷት ይሆናል› አሉት። ብራናና ቀለም አምጡልኝ አለ።»

የአዘዞዋ መምህርት — ሰኞ ማታ

ይህን ካርድ ወደድኩት! ልጆቹ የመለሱት እኮ ፊዚክስ ነው። ጨረቃ ያለማቋረጥ ወደ ምድር ትወድቃለች። ግን ወደ ጎንም ትሮጣለች። በወደቀች ቁጥር መሬት ከሥሯ እየጎበጠ ይሸሻታል። ኒውተን ራሱ ያስረዳው እንዲህ ነው፤ ከረጅም ተራራ ጫፍ ላይ መድፍ በጣም በኃይል ቢተኮስ ጥይቱ ምድርን ዞሮ ይመጣል ብሎ። ዕሩርም እንደዚያው፣ የሚመታት ጉልበታም ከተገኘ።

ዘቁስቋም — ማክሰኞ ጠዋት

ለመምህርት ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የአብነት ተማሪ ነኝ። አሁን ባሕረ ሐሳብን፣ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ሒሳብ፣ እየተማርኩ ነው።

ወንድማችን እውነት የለበትም ባለው ካርድ ውስጥ እሱ ሳያውቅ አንድ እውነት ገብቷል። ኒውተን የተወለደው በገና ነው። ያውም በእኛ ገና።

እንግሊዞች እስከ 1752 እ.ኤ.አ. ድረስ የድሮውን የጁልየስ አቆጣጠር ይዘው ነበር። በዚያ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ከእኛ ታኅሣሥ 29 ጋር አንድ ቀን ነው። ኒውተን የተወለደው በእነሱ ዲሴምበር 25 ቀን 1642 ነው። ወደ እኛ ስንመልሰው ታኅሣሥ 29 ቀን 1635 ዓ.ም. ይሆናል። ያን ዕለት እዚህ የገና ማሕሌት ተቁሟል። ዙፋኑ ላይ ዐፄ ፋሲል ነበሩ። ጎንደር ከተቆረቆረች 6 ዓመት ገደማ ነው። ፖሙ ወደቀ በሚባልበት ዘመን፣ በ1666 እ.ኤ.አ. አካባቢም፣ ዐፄ ፋሲል በሕይወት ነበሩ።

ይህን ያሰላሁት ትናንት ማታ በኩራዝ ነው፤ መብራት አልነበረም። ሦስት ጊዜ ደግሜ አየሁት።

የአዘዞዋ መምህርት — ማክሰኞ ከሰዓት

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ይህ የምሥራች ነው። የራሴንም አንድ ስሕተት አወጣልኝ።

«ጋሊሊዮ በሞተበት ዓመት ኒውተን ተወለደ» የሚባል ነገር አለ፤ እኔም ክፍል ውስጥ እለዋለሁ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ችቦውን ተቀበለ እንደማለት ያምራል። ግን ጋሊሊዮ ያረፈው ጃንዋሪ 8 ቀን 1642 ነው፤ ያ በጣልያን፣ በአዲሱ አቆጣጠር። የኒውተን ዲሴምበር 1642 ደግሞ በእንግሊዝ በድሮው አቆጣጠር ነው። ሁለቱንም በአዲሱ ብንቆጥር ኒውተን የተወለደው ጃንዋሪ 4 ቀን 1643 ይሆናል። ሁለቱንም በድሮው ብንቆጥር ጋሊሊዮ ያረፈው በ1641 መጨረሻ ላይ ነው። በእኛም ቆጠርኩት። ጋሊሊዮ ጥር 3 ቀን 1634፣ ኒውተን ታኅሣሥ 29 ቀን 1635። በየትኛውም ይሁን፣ አንዱን ካላንደር ብቻ ይዘህ ከሄድክ አይገናኙም። አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ነው የቀረው።

ተማሪዎቼ ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። የልደት ቀኑን በሁለት ካላንደር መናገር የማይችል ልጅ የለኝም።

ጋሽ ሬዲዮ — ማክሰኞ ማታ

ልጄ፣ እኔ ድሮ ሬዲዮ እጠግን ነበር። የምኒልክን የኤሌክትሪክ ወንበር ካርድ አስገቢልኝ። ከፈጠራው ጎን አድርጊው።

ታሪኩ እንዲህ ይላል። አሜሪካ ውስጥ ሰው በኤሌክትሪክ ወንበር መግደል ተጀመረ ሲባል ዐፄ ምኒልክ ሦስት ወንበር አዘዙ። ወንበሮቹ ደረሱ። አገሩ ኤሌክትሪክ የለውም። ስለዚህ አንዱን ዙፋን አደረጉት። የመጀመሪያው ሰው ኒውዮርክ ውስጥ በዚያ ወንበር የተገደለው በኦገስት 1890 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህ እውነት ነው። የእኛ ንጉሥ ወንበር ግን በዘመኑ በተጻፈ ሰነድ የለም። የሚገኘው «ይህን ያውቁ ኖሯል?» በሚሉ የፈረንጅ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

እኔም ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ስልክና ባቡር ያስገቡ ንጉሥ ናቸው። ወንበሩ በምን እንደሚሠራ ሳይጠይቁ ያዛሉ ብሎ ማሰብ ከእኛ አይጠበቅም ነበር።

ጀበና — ማክሰኞ ማታ

ካልዲንስ ልትነኩት ነው? ፍየሎቹ ቡና በልተው የጨፈሩለት እረኛ ማለቴ ነው።

ጋሽ ሬዲዮ — ማክሰኞ ማታ

የኔ ልጅ፣ መነካቱ አይቀርም። የእረኛው ታሪክ መጀመሪያ በጽሑፍ የወጣው ሮም ውስጥ በ1671 እ.ኤ.አ. ነው፤ ናይሮን በሚባል ምሁር። እሱ መጽሐፍ ላይ ካልዲ የሚል ስም የለም። አገሩም በዐረብ ምድር ነው የተባለው። ቡና ግን ከእኛ ጫካ መነሣቱን ሳይንሱ ራሱ ይመሰክራል፤ አረቢካ የሚባለው ቡና ዱር በቀል ሆኖ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። ቡናው የእኛ ነው። እረኛው ነው ያጠራጠረን።

ከግንቡ ሥር — ረቡዕ ጠዋት

የጎንደር ካርድ ብለሽ የለም? ይኸውና።

«አንድ እንግዳ ጎንደር ውስጥ ጠመንጃውን በጥይት ፋንታ የሞራ ሻማ አጉርሶ ተኮሰ። ሻማው ሦስት ጋሻ በስቶ አለፈ። ቀጥሎ ጠረጴዛ በሳ።»

እውነት ነው ነው የምለው። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ሰውየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ጎንደር የገባው በፌብሩዋሪ 1770 እ.ኤ.አ. ነው። ኳድራንትና ቴሌስኮፕ አሸክሞ ነው የመጣው። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቷል። በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ የቤተ መንግሥት ልጆች ታመዋል። ብሩስ በርና መስኮቱን አስከፈተ። ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ። በዚያ ሥራው እቴጌይቱ አቀረቡት። ቁስቋም የወጣ ሰው ፍርስራሹን ያውቀዋል። እኔ በሄድኩ ቁጥር መስኮቶቹን ነው የማየው።

ወደ ሻማው ልመለስ። የራስ ሚካኤል ስሑል የወንድም ወይም የእኅት ልጅ የሆነ ገብረ መስቀል የሚባል ተኳሽ ነበር። በተኩሱ ይኮራል። ከብሩስ ጋር ግብር ላይ ተጣሉ። ብሩስ «በእኔ ጠመንጃ የሻማ ቁራጭ፣ በአንተ ጠመንጃ ካለው ጥይት ይበልጣል» አለው። ነገሩ ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። አሳይ ተባለ። ሦስት ጋሻ ተደራርቦ ተሰቀለ፤ ሻማው ሦስቱንም በሳ። ከዚያ ጠረጴዛ ቀረበ፤ እሱንም በሳ።

ብሩስ አገሩ ሲመለስ ለንደን አላመነውም። ሻማውን ብቻ አይደለም። አበሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል ማለቱን ራሱ ውሸት ነው አሉት። አስቡት፣ ጥሬ ሥጋ! በጣም ተከፋ። መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው፤ ከጎንደር ከወጣ 18 ዓመት አልፎ።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ልክ አይደለም። ሰውየው የግሼ ዓባይን ምንጭ ከአውሮፓ ሰው መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ ብሎ ሞግቷል። የደረሰው በኖቬምበር 1770 ነው። ፔድሮ ፓኤዝ ግን ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በ1618 አይቶት ጽፎታል፤ ብሩስ ይህን አውቆ ሊያምንለት አልፈለገም። ውሸታም ያሉት እውነት በተናገረበት ነው። የተሳሳተው ደግሞ ክብሩን በፈለገበት ቦታ ነው። እኔ ብሩስን እንዲሁ ከነሁለቱ እወደዋለሁ።

የቀሃ ልጅ — ረቡዕ ጠዋት

ሻማ ጋሻ በሳ? እኔ አላምንም። ሻማ በጣቴ ብጫነው ይሰበራል።

የአዘዞዋ መምህርት — ረቡዕ ማታ

በጣትህ ቀስ ብለህ ስለምትጫነው ነው። ለመሰበርና ለመጨማደድ ጊዜ ትሰጠዋለህ። ከጠመንጃ አፍ የወጣ ሻማ ያ ጊዜ የለውም። ቅርጹን ከማጣቱ በፊት ጫፉ ቆዳውን አልፏል። ከእሱ ወዲያ የሚያልፈውን ሁሉ የሚገፋው ክብደቱና ፍጥነቱ ነው። ለስላሳ ነገር በበቂ ፍጥነት ከሄደ እንደ ጠንካራ ነገር ይመታል። ውኃ ላይ በሆዱ የወደቀ ዋናተኛ ያውቀዋል።

ጠመንጃ ትምህርት ቤት አይገባም። ግን የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነ ሙከራ አለ። አንድ ጥሬ ድንችና አንድ የለስላሳ ስትሮ። ስትሮውን ድንቹ ላይ ቀስ ብላችሁ ግፉት፤ ይታጠፋል። ከዚያ የላይኛውን ቀዳዳ በአውራ ጣት ድፍን አድርጉና በፍጥነት ውጉት። ዓርብ አመጣዋለሁ።

የላብራቶሪዋ — ሐሙስ ጠዋት

እኔም ካርድ አለኝ። እውነተኛ ነው፤ ግን ልጆቹ ፈጠራ ነው እንደሚሉ እርግጠኛ ነኝ። በጣም ስለሚገጣጠም።

ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከጣና ዳር የሚመጡ ልጆች ሰገራ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚያመጣውን ትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ጎኑ ላይ እሾህ አለው፤ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። ትሉ ያለ ቀንድ አውጣ ማደግ አይችልም። ውኃ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ የሚዋኝ ልጅ ቆዳ ይበሳል።

በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ወንዝ ዳር እነዚህን ቀንድ አውጣዎች ያጠናል። ሴቶች ልብስ በእንዶድ ያጥባሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው አየ። አንዷን ሴት አረፋውን ዕቃ ውስጥ እንድታደርግለት ለመናት። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት። ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሁሉ ከዚያ ዕቃ ነው የወጣው። እንዶድ ውስጥ ያለው ገዳይ ንጥረ ነገር ለማቶክሲን ተባለ፤ በእሱ ስም። በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙ ሰው አማራጭ ኖቤል የሚለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለ።

አያቴ አንገረብ ወርዳ ጋቢ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። ፍሬውን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በጨርቅ ቋጥራ። እጇ ላይ የሚቀረው ሽታ አሁንም ትዝ ይለኛል። ያ ሁሉ አረፋ ሲወርድ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አይ ነበር። ውኃው ውስጥ ምን እንደሚሞት አንድ ቀን አጎንብሼ አላየሁም። ልጆቹን ይህን ንገሪልኝ። አረፋውን ያየ ብዙ ነው፤ ከአረፋው ዝቅ ብሎ ያየ እሱ ነው።

ጋሽ ሬዲዮ — ሐሙስ ቀን

ልጄ፣ ተባረኪ። እናቴን አስታወስሽኝ።

ዘቁስቋም — ሐሙስ ማታ

መምህርት፣ አንድ ካርድ አለኝ፤ ግን ከየትኛው ጎን እንደሚሆን ተቸገርኩ።

የኔታ ባሕረ ሐሳብን ሲጀምሩልን የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት የድሜጥሮስን ታሪክ ነገሩን። የወይን ገበሬ ነበር። ዐቢይ ጾምና ትንሣኤ በየዓመቱ ዕለታቸውን እንዲጠብቁ ይመኝ ነበር። መልአክ ታየውና «በሌሊት 23 ሱባኤ፣ በቀን 7 ሱባኤ ግባ» አለው።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። አንድ ሱባኤ 7 ቀን ነው። 23 ጊዜ 7፣ 161። በ30 በ30 ስንገድፈው 11 ይቀራል። ይህ ጥንተ አበቅቴ ነው፤ በዓላትን ለማውጣት የምንነሣበት አንዱ ቁጥር። 7 ጊዜ 7፣ 49። 30 ስንገድፍ 19 ይቀራል። ይህ ጥንተ መጥቅዕ ነው፤ ሁለተኛው መነሻ ቁጥር። ሁለቱ ሲደመሩ 30።

ዘንድሮን በዚህ እናውጣው። ከፍጥረት እስከ ልደት የሚቆጠረው 5500 እና 2018 ሲደመሩ 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ እናጎድላለን፤ 12 ይሆናል፤ ይህን ቁጥር ወንበር እንለዋለን። 12 ጊዜ 11፣ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። 12 ጊዜ 19፣ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ድምሩ 30። የትኛውንም ዓመት ብታወጡ እንዲሁ ነው፤ አበቅቴ ዜሮ ሲሆን ደግሞ መጥቅዕ 30 ይባላል።

19 ዓመት የተባለው የፀሐይና የጨረቃ ቁጥር የሚገናኝበት ስለሆነ ነው። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ይገጥማል። በአቴና ሜቶን የሚባል ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ይህን እንዳወጀ አንብቤአለሁ። ከድሜጥሮስ በብዙ ይቀድማል። እኔ ግን የኔታ የነገሩኝን ፈጠራ ብዬ ካርድ ላይ መጻፍ አልችልም። እውነት ብዬ ደግሞ እርስዎ እንደሚሉት በሰነድ ላሳይ አልችልም። ታሪኩ ግን ሒሳቡን ይዞት መጥቷል። ብራና ሳንገልጥ፣ ጨለማ ውስጥ፣ 23 እና 7ን ያስታወሰ ልጅ በዓላቱን ማውጣት ይችላል።

የአዘዞዋ መምህርት — ሐሙስ ማታ

ሦስተኛ ክምር አበጅቼለታለሁ። ስሙን «አደራ» ብዬዋለሁ። እዚያ የሚገባ ካርድ አይፈረድበትም፤ ይሰላበታል። እሺ ካልክ ዓርብ ናና አንተው አስላው። ጠመኔ እኔ እሰጥሃለሁ።

ዘቁስቋም — ሐሙስ ማታ

የኔታን አስፈቅጄ እመጣለሁ።

የአዘዞዋ መምህርት — ዓርብ ማታ

ተጫወትን! ድምፄ ጠፍቷል፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

የኒውተን ገና በጩኸት ፈጠራ ተባለ። ካላንደሩን ሰሌዳው ላይ ስናስቀምጠው ክፍሉ ጸጥ አለ። የምኒልክ ወንበር ብዙ ሰው አታሏል፤ ስንት አገር ተሰጠ መሰላችሁ! የእንዶዱን ካርድ የላብራቶሪዋ እንዳለችው ፈጠራ አሉት። አንድ ልጅ ብቻ እውነት ነው አለ። ለምን አልኩት። «እናቴ እንዶድ የነካ ውኃ ለከብት አታጠጣም» አለኝ።

ወንድማችን መጣ፤ የኔታ ፈቅደውለት። እያንዳንዱ ልጅ የተወለደበትን ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ አወጣ። ደወሉ ተደውሎ አልወጡም።

ሻማው መጨረሻ ላይ ነበር። ያቺ የፖሙ ልጅ ፈጠራ ነው ብላ እጇን አወጣች፤ በጣም እርግጠኛ ነበረች። ድንቹን ሰጠኋት። ቀስ ብላ ገፋችው፤ ስትሮው ታጠፈ። «አየሽ» አለችኝ። ሌላ ስትሮ ሰጠኋትና ቀዳዳውን ድፈኝ፣ ዓይንሽን አትጨፍኚ፣ ውጊው አልኳት። በወዲያ በኩል ወጣ። ድንቹን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሌላ ድንች ጠየቀች። ያመጣሁት ሁለት ኪሎ እስኪያልቅ ወጉት።

ልትወጣ ስትል በራሷ እጅ የጻፈችው ካርድ ሰጠችኝ። ለቀጣዩ ዓርብ ነው። እዚህም ጻፊልኝ ብላለች፦

«ጨረቃ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ እየወደቀች ነው።» እንቆቅልሽ።

የቀሃ ልጅ — ዓርብ ማታ

ምን አውቅልሽ። እውነት ነው በያት። በዱላ የተመታች ስለሆነች ነው የማትደርሰው።

ጋሽ ሬዲዮ — ዓርብ ማታ

ደጅ ወጥቼ አየኋት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በላይ ናት።